ለዶርም ልጆች ንገሯቸው

የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። የስኳር በሽታ ስላለበት ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋል። ሊሰናበተኝ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ሲስተር፣ ለዶርም ልጆች መንገር አለብኝ እንዴ?» አለኝ።

ነርስ ሆኜ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። ይሄኛው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የግቢ ጥበቃዎች አንድ ተማሪ ተሸክመው ገቡ። «ጠጥቶ ነው» አሉን። በጨለማ ሲንገዳገድ አግኝተውት፣ ሲያናግሩት ተሳድቦ፣ ስካሩ እስኪበርድለት ጥበቃ ቤት አስተኝተውት ነበር። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ አፉ ግን አይሸትም። ስኳሩን ስንለካው 28 ነው። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል እንላለን፤ 28 ሲሆን አእምሮ ራሱ ይራባል። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠነው። ሌላው ሰው መርፌው ሳይነቀል ዓይኑን ይገልጣል። እሱ ግን ብዙ ሰዓት ስለቆየ የነቃው ቀስ ብሎ ነው።

ጠዋት የዶርም ጓደኞቹ መጡ። ስኳር እንዳለበት አንዳቸውም አያውቁም። ኢንሱሊኑን ካልሲ ውስጥ ደብቆ ሽንት ቤት ገብቶ ነበር የሚወጋው። የዚያን ዕለት ማታ ተወግቶ ካፌ ሲደርስ እራት አልቋል። ኢንሱሊን ስኳር ያወርዳል፤ ካልተበላበት ደግሞ ከልክ በላይ ያወርደዋል። ሌሊት እየተንቀጠቀጠ ነቃ፤ ሰው መቀስቀስ አፍሮ የሚበላ ፍለጋ ወጣ። አንዱ ጓደኛው እያለቀሰ «እናቴ የላከችልኝ በሶና ስኳር እኮ አልጋዬ ሥር ነበር» አለኝ። ልጁ ተረፈ። ትምህርቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም፤ አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የዛሬ ልጆች የበላችሁትን ሁሉ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ በሽታ ሲሆን ግን ድብብቆሽ ነው። ፍርሃታችሁ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። «በዚህ ዕድሜ ስኳር?» የሚል ሰው ሞልቷል። እኔ ራሴ የግፊት ክኒኔን ዘመድ ፊት አልውጥም፤ ከገበታው ላይ ጨው ያነሱብኛል።

ቢሆንም ንገሯቸው። ለዶርሙ ሁሉ ስብሰባ አትጥሩ፤ አጠገባችሁ ለሚተኛው በቂ ነው። «ላብ ካጠመቀኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ ወይም ያለ ጠባዬ ከተነጫነጭኩ ስኳር ስጠኝ። ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም አታድርግ፣ ሐኪም ቤት አድርሰኝ» በሉት። እናንተም ስኳራችሁ ሲወርድ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። ካልወጣ ድገሙት፤ ሲወጣ ደግሞ ምግብ ብሉ። ስኳር የሌለው ኮካ እዚህ ላይ አይረዳም።

ስለ አመጋገብና ስለ እግር ጥንቃቄ አልጽፍም፤ ክትትል ክፍል ሰምታችሁ ሰልችቷችኋል።

ፍሪጅ የለም ብላችሁም አትጨነቁ። አብዛኛው የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለደረሳችሁ ግን ያ ሙቀት አይገኝም። ክትትል ክፍላችን የምትመጣ አንዲት የቆላ እናት የልጇን ኢንሱሊን በሸክላ ማሰሮ ታስቀምጥ ነበር። ማሰሮውን ከሱ በሚሰፋ ሌላ ሸክላ ውስጥ አድርጋ መሃሉን በአሸዋ ሞላችው፤ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ ታጠጣዋለች። አየሩ ደረቅ ሆኖ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ከተቀመጠ ይሠራል። ብልቃጡን ብቻ እርጥበት እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልሉት።