የመርፌውን መዝገብ ጠይቁ

ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ የሶሻል ኦዲት ስራ፣ ማለትም ፋብሪካ ሰራተኞቹን እንዴት እንደሚይዝ የመመርመር ስራ፣ ልትጀምሩ እንደሆነ ስሰማ ደስም አለኝ ፈራሁላችሁም። እኔ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስዞር ነው ያረጀሁት፣ ቼክሊስቱን ቀጣሪዎቻችሁ ያስተምሯችኋል፣ እኔ የምነግራችሁ ሌላ ነው፤ ለናንተ ተብሎ የተዘጋጀ ወረቀት ብዙም አይጠቅማችሁም፣ ኦዲተር ያየዋል ብሎ ማንም ያላሰበውን ወረቀት ፈልጉ።

አንድ ልብስ ፋብሪካ ገብቼ አቴንዳንሱን፣ የመግቢያና መውጫ ሰዓት መዝገቡን፣ ሳይ ሁሉም ሰው 2 ሰዓት ገብቶ 11 ሰዓት ይወጣል፣ እሁድ ባዶ፣ የወሩ ፊርማ በሙሉ ባንድ ሰማያዊ እስክሪቢቶ፣ በጣም ንጹህ ነበር እኮ። ከዛ የተሰበረ መርፌ መዝገብ አምጡልኝ አልኩ። የማታውቁ ካላችሁ፣ መርፌ ሲሰበር ስባሪው ልብስ ውስጥ እንዳይቀር ተለቅሞ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፍና ቀንና ሰዓቱ ይጻፍበታል። ገለጥ ሳደርገው እሁድ ማታ 3፡40፣ የስፌት መስመር 4፣ ሶስት መርፌ። ፋብሪካው ዝግ ከሆነ ማን ሰበረው? ማናጀሩ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፣ ስልኩ ግን አልጮኸም።

ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስላያችሁም አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2012 ካራቺ ውስጥ የተቃጠለው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ፋብሪካ ከ250 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ ኤስኤ8000 የሚባለውን የሰራተኛ አያያዝ ደረጃ ሰርተፊኬት ያገኘው እሳቱ ከመነሳቱ ጥቂት ሳምንት በፊት ነበር፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ መውጫው የተቆለፈ። ስለዚህ በሩን በእጃችሁ ግፉት፣ ይከፈታል ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትለፉ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባንግላዴሽ ራና ፕላዛ ተደርምሶ 1,134 ሰው አለቀ፣ እዛም ኦዲተር ገብቶ ነበር፣ ግን የህንጻው ጥንካሬ የኦዲቱ ስራ ውስጥ አልነበረም። ስራችን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ራሳችን ካልተናገርን ያው ሰው "ኦዲት ተደርጓል" ሲባል ሁሉም ነገር ታይቷል ብሎ ያስባል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የኦዲቱን ሂሳብ የሚከፍለው ራሱ ፋብሪካው ነው፣ ገዢው፣ ልብሱን ያዘዘው ድርጅት፣ ደግሞ ዋጋ ቀንሱ በሶስት ሳምንት አድርሱ ይልና የሰራተኛው የሳምንት ስራ ለምን ከ60 ሰዓት በለጠ ብሎ እኛን ይልካል። ሪፖርታችሁ ላይ የትዕዛዙን ቀንና የማስረከቢያውን ቀን ጻፉ፣ ገዢው ባይወደውም።

ሰራተኛ ስታናግሩ "ኦቨርታይም በግድ ያሰሯችኋል ወይ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ መልሱን አስጠንተዋቸዋል። ትናንት እራት ስንት ሰዓት በላችሁ፣ ቤት ስትገቡ ልጆቹ ተኝተው ነበር ወይ፣ እንደዛ ነው የሚጠየቀው። የነገሯችሁን ስትጽፉ ደግሞ ስም መደበቅ ብቻ በቂ እንዳይመስላችሁ። እኔ አንዴ "የመስመር 6 የኦቨርሎክ ኦፕሬተር እንደነገረችን" ብዬ ጻፍኩ፣ ኦቨርሎክ የጨርቁን ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን ነው፣ ስም የለውም ብዬ ተዝናንቼ፣ ለካ መስመር 6 ላይ ኦቨርሎክ የምትሰራው ሴት አንድ እሷ ብቻ ነበረች። በስድስት ወሩ ለክትትል ስመለስ ማሽኑ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። የት ሄደች ስላቸው በፈቃዷ ለቀቀች አሉና የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አወጡልኝ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ፋይሉ አናት ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።