ግራኝ ነኝ፣ ቁመቴ 1.67 ነው፤ እጅ ኳስ እንጀራ ይሆነኛል?

ከኖርዌይ የጻፍሽልን የ16 ዓመት ተማሪ፣ አሠልጣኝሽ በቀኝ መስመር ብቻ እንደሚያሰልፍሽ ነግረሽናል። እንደ ሩሲያዊቷ የእጅ ኳስ ተጫዋች አና ቪያኺሬቫ ለመሆን ትምህርት ላቁም ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ትምህርቱን አታቁሚ። ቁመትሽ ግን አያሳስብሽ፤ እሷም 1.68 ገደማ ናት። በዚህ ቁመቷ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ስትወስድ፣ በቶኪዮ ደግሞ ቡድኗ ብር ሲያገኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብላለች። ተመልካች የወደዳትም ረጃጅሞቹን ተከላካዮች በአብዶ ቆመው እንዲቀሩ ስለምታደርግ ነው።

ቪዲዮዋን ስታዪ ጎሉን ተዪና እግሯን ተመልከቺ። ኳሱን አየር ላይ ሆና ትቀበላለች። በሕጉ አየር ላይ ሆኖ ተቀብሎ መሬት መርገጥ እንደ እርምጃ ስለማይቆጠር፣ ኳስ ይዞ ለመራመድ የሚፈቀዱት ሦስቱም እርምጃዎች ገና በእጇ ናቸው። ተከላካይዋ ክብደቷን ወደ አንድ ጎን ስትጥል በሌላው ታልፋታለች። ግራኝ መሆኗም ይረዳታል፤ ከቀኝ በኩል ስትገባ ወርዋሪ እጇ ወደ መሐል ስለሚሆን በሩ ይሰፋላታል። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ተጫዋች እዚያው ቦታ ላይ ሰውነቷን መጠምዘዝ ግድ ይላታል። ክለቦች ግራኝ የሚፈልጉትም ለዚህ ነው፤ ያንቺም ትልቁ ዋጋ እሱ ነው።

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት የትከሻዋን እንቅስቃሴ ብቻ ሲኮርጁ ነው። ጉልበት ሳይታጠፍ ተተክሎ ወደ ውስጥ ከተጣመመ የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል፤ ከተበጠሰ ወደ ሜዳ መመለስም አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከልምምድ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ለሚዛን፣ በአንድ እግር ለመዝለልና ጉልበትን አጥፎ ለማረፍ ስጪ። ጉልበትሽ ከእግር ጣቶችሽ አቅጣጫ አይውጣ። አብዶውን መጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት፣ ከማትከላከል ጓደኛ ጋር ተለማመጂው፤ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምሪ።

ስለ ሥራው እንነጋገር። ቪያኺሬቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ቮልጎግራድ ተወልዳ በከተማዋ ክለብ ዲናሞ ጀመረች፤ በአስትራካን ክለብ አልፋ ወደ ሮስቶቭ ዶን ክለብ ገባች። (ታላቅ እህቷ ፖሊና ኩዝኔትሶቫም ሪዮ ላይ ወርቅ ወስዳለች፤ እንዲህ ያለ ቤት ለሁሉም አይገኝም።) ከቶኪዮ በኋላ ከጨዋታ ለጊዜው እረፍት ወሰደች። በ2022 ወደ ኖርዌዩ ቫይፐርስ ክሪስቲያንሳንድ መጥታ በ2023 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣች። ይኸው ክለብ በጥር 2025 ከሰረ! የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣ ክለብ እንዲህ ከሆነ፣ ውል ሲቀርብልሽ ከደመወዙ በፊት ሦስት ነገር አንብቢ፦ ስትጎጂ ደመወዝሽን ማን ይከፍላል፣ ሕክምናውን የሚሸፍነው የትኛው ኢንሹራንስ ነው፣ ክፍያ ቢዘገይ ውሉን ማፍረስ ትችያለሽ ወይ? ዕድሜሽ 18 ስላልሞላ ወላጆችሽም አብረው ያንብቡት።

እዚያው ኖርዌይ ልምምድን ከመደበኛው ትምህርት ጋር የሚያስኬዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ ከትምህርት ቤትሽ አማካሪ አጣሪ። አሠልጣኝሽን ደግሞ በየወዳጅነት ጨዋታው አሥር ደቂቃ በቀኝ ጀርባ (ከመስመሩ ወደ መሐል ገባ ባለው የማጥቂያ ቦታ) እንዲያሰልፍሽ ጠይቂው። ቪያኺሬቫ ሁለቱንም ቦታ ትጫወታለች፤ መስመር ላይ ብቻ ከቀረሽ ያንን አብዶ የምትሠሪበት ስፋት አታገኚም።