በትንሿ ጫካ ብዙ ወፍ ማየትህ ለምን ያሳስታል

ወንድሜ፣ «ደን ሲቆራረጥ የወፍ ዓይነት ይቀንሳል ይባላል፤ እኔ ግን ዙሪያዋ በታረሰ ትንሽ ጫካ ውስጥ ከትልቁ ደን ይልቅ ብዙ ወፍ አያለሁ፤ የቱ ነው ልክ?» ብለህ ጠይቀሃል። ያየኸው ልክ ነው። እኔም ወፍ መቁጠር ስጀምር በዚሁ ተሸውጃለሁ።

ሦስት ቁራጭ ደኖችና አንድ ትልቅ ደን ደርሰውኝ፣ ንጋት ላይ በየቦታው አሥር አሥር ደቂቃ እየቆምኩ ያየሁትንና የሰማሁትን እመዘግብ ነበር። ረጅሙ ዝርዝር የወጣው ከትንሿ ቁራጭ ነው። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ሳሳየው፣ አንድ ቃል ሳይናገር እርሳስ አንሥቶ ከስሞቹ ገሚሱን ሰረዘብኝ። የሰረዛቸው እርሻ፣ አጥርና መንገድ ዳር የማይጠፉ ወፎች ነበሩ፤ ጫካዋ ማረፊያቸው እንጂ ቤታቸው አይደለችም። የተረፉትን ከትልቁ ደን ዝርዝር ጋር ሳስተያይ ጉድለቱ ታየኝ። የረገፈ ቅጠል እየገለበጡ ነፍሳት የሚለቅሙት፣ ከጥላው የማይወጡት፣ አንድም አልነበሩም። ስለዚህ «ስንት ዓይነት አለ?» ከማለት በፊት «የማን ዓይነት?» ብለህ ጠይቅ።

ለምን እነሱ ቀድመው ይጠፋሉ? አንዱ ምክንያት ጠርዙ ነው። ደን ሲቆረጥ ፀሐይና ነፋስ ከጎን ይገባሉ፤ መሬት ላይ ያለው ቅጠል ይደርቃል፣ ውስጡ ያለው ትል ይመናመናል። እንቁላልና ጫጩት የሚበሉ እንስሳትም ብዙውን ጊዜ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ይመጣሉ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ የምትሄደው ካውበርድ የምትወደው ሜዳና ጠርዝ ስለሆነ፣ ደኑ በተበጣጠሰ ቁጥር ለሌሎቹ መከራ ሆናለች። ቁራጩ በጣም ትንሽ ከሆነ እኮ ሁለመናው ጠርዝ ነው፤ መሀል የሚባል ነገር የለውም።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተማረን ብራዚል ውስጥ በማናውስ አቅራቢያ በ1979 (በፈረንጆቹ) የተጀመረው ጥናት ነው። ለከብት ግጦሽ ደን ሲመነጠር፣ 1፣ 10 እና 100 ሄክታር የሆኑ ቁራጮች ሆን ተብሎ እንዲቀሩ ተደረገ። መጀመሪያ ላይ በመረብ የሚያዙት ወፎች በዙ። ነገሩ ስደት ነበር፤ ዙሪያው ሲመነጠር ያመለጡት ወደ ቀረው ጫካ ገቡ፣ ከዚያ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ምናልባት አንተም የምታየው የስደተኞችን ግርግር ይሆናል፤ ምንጣሮው የቅርብ ጊዜ ከሆነ ይህን ጠርጥር። እዚያው በሰልፍ የሚዘምቱ ጉንዳኖችን እየተከተሉ፣ ጉንዳኑ የሚያስበረግገውን ነፍሳት የሚለቅሙ ወፎች አሉ። ጉንዳኖቹ ለመዝመት ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ በ1 እና በ10 ሄክታር ውስጥ መኖር ሲያቅታቸው ወፎቹም አብረው ጠፉ። በ100 ሄክታሩም ቢሆን ከዛፎቹ ሥር የሚኖሩት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሄደዋል።

«ክንፍ አላቸው፣ ለምን ወደ ሌላው ደን አይበሩም?» ትል ይሆናል። ፓናማ ውስጥ በጋቱን ሐይቅ ላይ ተመራማሪዎች የደን ወፎችን በጀልባ ወስደው ከሐይቁ ዳርቻ በተለያየ ርቀት ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች 100 ሜትር እንኳ መሻገር አቃታቸው። እኔ ይህን እስክሰማ ድረስ ወፍ ሁሉ በራሪ ይመስለኝ ነበር! ለእነዚህ ወፎች በሁለት ጫካዎች መካከል ያለ እርሻ እንደ ውቅያኖስ ነው።

መጥፋቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከቁራጮቼ በአንዷ አንድ ወንድ ወፍ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ እዚያው ዛፍ አካባቢ፣ ጎሕ ሲቀድ ሲዘምር ሰምቼዋለሁ። ሴት አላየሁም፣ ጎጆም አላገኘሁም። በአራተኛው ዓመት ዝም አለ። መዝገቤ ላይ ግን ሦስቱንም ዓመት «አለ» ተብሎ ሰፍሯል።

ተስፋ የለም ማለቴ አይደለም። በማናውስ የተመነጠረው መሬት ተትቶ ቁጥቋጦና ዛፍ መልሶ ሲበቅልበት፣ ጠፍተው ከነበሩት ወፎች አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። ለዚህ ነው እኔ ከጫካዋ ስፋት እኩል በጫካዎቹ መካከል ምን እንዳለ የምጠይቀው፤ ዛፍ የበዛበት እርሻና ባዶ ሜዳ ለወፍ አንድ አይደሉም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ዝርዝርህን ለሁለት ክፈለው፤ ከጫካው ውጭም ያየሃቸውን በአንድ በኩል፣ ውስጥ ብቻ ያየሃቸውን በሌላ በኩል። የትልቁን ደን ዝርዝርም እንዲሁ። በሁለቱም ቦታ እኩል ደቂቃ ቁም፤ ጠርዝ ላይ ወፍ በቀላሉ ይታያል፣ ጥቅጥቅ ባለው ደን ግን ከማየት ይልቅ መስማት ይቀላል፣ ስለዚህ ድምፅ መለየት ካልለመድክ ትልቁ ደን ያለ ጥፋቱ ድሃ ሆኖ ይታይሃል። ምግብ ወይም የጎጆ ሣር ይዛ የምትሄድ ወፍ ካየህ ለብቻ ምልክት አድርግባት። ጫካዋ ከትልቁ ደን የተለየችው ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነም ሽማግሌዎችን ጠይቅና ከዝርዝሩ ጋር ጻፍልኝ፤ ያለዚያ ቁጥሩን ማንበብ አልችልም።