የታይምሼር ነጥብዎን ይጠቀሙ ወይስ በጥሬ ገንዘብ ይከራዩ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአምስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ዊልያምስበርግ ለሁለት ሌሊት በርካሽ እንድናድር ተጋብዘን ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል የተባለውን የሽያጭ ገለጻ ግማሽ ቀን ስናዳምጥ ውለን፣ በዓመት 100,000 ነጥብ የሚሰጥ ታይምሼር (ማረፊያ በነጥብ የሚያዝበት የመዝናኛ ቤቶች የጋራ ባለቤትነት) ገዝተን ተመለስን። የግዢውን ዕዳ ከፍለን ጨርሰናል፤ ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ግን ዘንድሮ 900 ዶላር ደርሷል። ልጆቻችን ገና ለትምህርት ስላልደረሱ በጃንዋሪ መጨረሻ ኦርላንዶ አንድ ሳምንት ልንቆይ አስበን ስናይ፣ ባለሁለት መኝታው አፓርታማ 90,000 ነጥብ ይፈልጋል። ይሁንና የታይምሼር ባለቤቶች ሳምንታቸውን በሚለዋወጡበት፣ እኛም አባል በሆንንበት የልውውጥ ድርጅት በኩል እዚያው ኦርላንዶ ውስጥ፣ ለዚያው ሳምንት፣ ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ አፓርታማ ከነግብሩ በ380 ዶላር ይከራያል። ባለቤቴ «በከፈልንበት ነጥብ በነፃ መሄድ ስንችል ለምን እንደገና ገንዘብ እናወጣለን?» ይላል። እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። ማናችን ነን ትክክል?
ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እርስዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ ነገር ግን የባለቤትዎ ጥያቄም በአንድ ሁኔታ ትክክል ይሆናል፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ለግዢ የከፈላችሁትን ገንዘብ ከሂሳቡ አውጡት። በነጥብ ብትሄዱም፣ በጥሬ ገንዘብ ብትከራዩም፣ ከነጭራሹ ቤታችሁ ብትቀመጡም ያ ገንዘብ ስለማይመለስ ለዘንድሮው ውሳኔ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም። መታየት ያለበት ዓመታዊው ክፍያ ነው። 900 ዶላሩ ለ100,000 ነጥብ ሲካፈል እያንዳንዱ 1,000 ነጥብ 9 ዶላር ያስወጣችኋል ማለት ነው፤ ስለዚህ በ90,000 ነጥብ የሚገኘው «ነፃ» ሳምንት በእርግጥ 810 ዶላር የሚያወጣ ሳምንት ነው። ከጎኑ ያለው ደግሞ 380 ነው። እንዲህ ዓይነቱን የማካፈል ሂሳብ ብዙ የነጥብ ባለቤቶች አንድም ቀን ሠርተውት አያውቁም፤ ሻጮቹም እንዲሠሩት አያበረታቱም።

ሆኖም ከ810 ላይ 380 ተቀንሶ 430 ዶላር ተረፈ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። 900 ዶላሩን በየትኛውም መንገድ ትከፍላላችሁ፤ ስለዚህ 380 ዶላር ከፍላችሁ 90,000ውን ነጥብ ሳትጠቀሙበት ጊዜው ቢያልፍበት ያተረፋችሁት ነገር የለም፤ እንዲያውም 380 ዶላር ከስራችኋል። ባለቤትዎ ትክክል የሚሆኑት ያኔ ነው። በጥሬ ገንዘብ መከራየት ብልህነት የሚሆነው፣ ሳይነካ የቀረው ነጥብ ኪራዩ ውድ በሆነበት ቦታና ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው።

በራስዎ ቁጥሮች እንየው። የዘንድሮውን 100,000 ነጥብ ወደሚቀጥለው ዓመት ብታሻግሩት 200,000 ይኖራችኋል። በመጪው ጁላይ በአንድ የባሕር ዳርቻ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ለአንድ ሳምንት 150,000 ነጥብ የሚጠይቅ፣ በጥሬ ገንዘብ ግን 2,500 ዶላር የሚከራይ ነው እንበል። ኦርላንዶን በነጥብ ከሄዳችሁ ለጁላይ የሚቀራችሁ 110,000 ስለሆነ አይበቃም፤ 2,500ውን ከኪስ ትከፍላላችሁ። ኦርላንዶን በ380 ከተከራያችሁ ግን ጁላይን በነጥብ ትሄዳላችሁ። በኪስ ወጪ ብቻ ልዩነቱ 2,120 ዶላር ነው። በርግጥ በመጀመሪያው መንገድ 110,000 ነጥብ፣ በሁለተኛው 50,000 ነጥብ ስለሚተርፋችሁ የ60,000ውን ዋጋ፣ ማለትም 540 ዶላር፣ መቀነስ ተገቢ ነው፤ እሱ ተቀንሶም 1,580 ዶላር ይተርፋል።

የኪራይ ዋጋው ይህን ያህል የሚወርደው ቤቱ ስለተጎሳቆለ ነው ብለው እንዳይሰጉ። ያለ እንግዳ ያለፈ ሳምንት መልሶ አይሸጥም፤ የጥገናውን ወጪ ደግሞ ባለቤቶቹ አስቀድመው ከፍለዋል፤ ስለዚህ ላከራዩ ወገን ከባዶ ቤት የትኛውም ገንዘብ ይሻላል። ኦርላንዶና አጎራባቿ ኪሲሚ ደግሞ የታይምሼር አፓርታማ ከየትኛውም ቦታ በላይ የተከማቸባቸው ናቸው። በ1974 የተቋቋመው አርሲአይና በ1976 የተቋቋመው ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል፣ ባለቤቶችና አልሚዎች ሳይጠቀሙባቸው የሚያስረክቧቸውን ሳምንታት ለአባሎቻቸው በልውውጥ ከማቅረባቸው በተጨማሪ የተረፈውን በጥሬ ገንዘብ ያከራያሉ። በአርሲአይ «ኤክስትራ ቬኬሽንስ»፣ በኢንተርቫል «ጌታዌይስ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ አርሲአይ የመግቢያ ቀናቸው ከ45 ቀን በታች የቀረውን ደግሞ «ላስት ኮል» በሚል ለብቻ ያወጣቸዋል። የብዙ ክለቦች የነጥብ ባለቤትነት የአንዱን ድርጅት አባልነት አጠቃልሎ ስለሚይዝ፣ እርስዎ ያዩትን ዋጋ ለማግኘት ሌላ መዋጮ ላይጠበቅባችሁ ይችላል።

ወቅቱን ማወቅ ግን ግድ ነው። ከፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት በኋላ ልጆች ወደ ትምህርት ሲመለሱ፣ የእኛ ገና በሚውልበት ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባሉት የጃንዋሪ ሳምንታት፣ ዋጋው ይወድቃል፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ያለበት የሳምንት መጨረሻ ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል። በእንቁጣጣሽ ሰሞንም እንዲሁ ርካሽ ነው፤ ያ ጊዜ ግን በአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከፍተኛው ሰሞን ስለሆነ ርካሽነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንጻሩ በታንክስጊቪንግ፣ በፋሲካ ዕረፍትና ወገኖቻችን በሰሜን አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በሚሰበሰቡበት የጁላይ መጀመሪያ ሳምንት ርካሽ ኪራይ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ነጥባችሁን ማስቀመጥ ያለባችሁ ለእነዚህ ጊዜያት ነው። ነጥብ ደግሞ ቀደም ብሎ ለሚያስይዝ እንጂ ለዘገየ ሰው አይመችም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አጣሩ። አንደኛ፣ የነጥብ ማሻገሪያው ቀነ ገደብ በየክለቡ ይለያያል፤ አንዳንዱ የአገልግሎት ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንድታሻግሩ ያስገድዳል፤ ያስከፍላልም፤ አንድ ጊዜ የተሻገረ ነጥብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይሻገርም። ይህን ሳታረጋግጡ 380 ዶላሩን እንዳትከፍሉ። ሁለተኛ፣ 380ው የሪዞርቱን የየዕለት ክፍያና የመኪና ማቆሚያ ማካተቱን ጠይቁ፤ በቀን 25 ዶላር ቢጨመርበት ሳምንቱ 555 ይሆናል፤ ሂሳቡም ይለወጣል። ሦስተኛ፣ የእነዚህ ኪራዮች ገንዘብ መድን ካልተገዛለት በቀር ዘግይቶ ለሰረዘ ሰው አይመለስም፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ለኛ ቤተሰቦች የእነዚህ አፓርታማዎች ትልቁ ጥቅም መኝታው ሳይሆን ወጥ ቤቱ ይመስለኛል፤ እንጀራ ከቤት ይዞ ሄዶ ሽሮና ምስር እዚያው መሥራት የሚቻልበት ቤት፣ በጾም ወቅት በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ የሚበላ ከመፈለግ ያድናል። ስትገቡ የመኪና ማቆሚያ ወረቀት የሚሰጥ ሁለተኛ ጠረጴዛ ታገኛላችሁ፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሥራው ለሌላ ገለጻ መመዝገብ ስለሆነ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ለመመዝገቢያ የሚያቀርበውን ስጦታ በምስጋና ትቶ መሄድ ይበቃል።

የተረፈውን ነጥብ ለሌላ ሰው ማከራየትስ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ለርካሽ ሳምንት አይሻልም፤ በ380 ዶላር ከሚያከራይ ድርጅት ጋር ተወዳድራችሁ 810 የሚከፍላችሁ ተከራይ አታገኙም። ለጁላይ ያስያዛችሁትን ግን፣ ውላችሁ ከፈቀደ፣ ማከራየት ይቻላል። ከልውውጥ ድርጅት ያገኛችሁትን ሳምንት መልሶ ማከራየት ደግሞ የድርጅቱ ደንብ የሚከለክለው ነው።

በመጨረሻም የምትጓዙባቸው ሳምንታት ሁሉ ርካሾቹ መሆናቸውን ካያችሁ ችግሩ 900 ዶላሩ ራሱ ነው። የዚያን ጊዜ ነጥቡን ለመመለስ መጀመሪያ ኩባንያውን ራሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ዕዳ ያለቀለትንና የጥገና ክፍያው ያልተጓደለን ባለቤትነት መልሰው ይቀበላሉ። ስልክ ደውሎ «አስቀድመው ይክፈሉንና እናስወግድልዎታለን» የሚልን ግን አትስሙት። ገና ትናንት የፈረሙ አንባቢዎች ካሉ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ያንብቡ፦ ውል ለማፍረስ ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ሜሪላንድና ፍሎሪዳ 10 ቀን ይፈቅዳሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ታይምሼር የለኝም፤ የመግዛት ሐሳብም የለኝም። ነገር ግን ልጆቼን ዲዝኒ ወርልድ ይዤ ለመሄድ ስዘጋጅ ከዲዝኒ የታይምሼር ክለብ ባለቤቶች ነጥብ ተከራይቶ ማረፍ ከሆቴሉ ዋጋ በእጅጉ እንደሚቀንስ ሰማሁ። እውነት ነው ወይ? የሚያሰጋስ ነገር አለው?
ተ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ ለወ/ሮ ሰ. ከተሰጠው መልስ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ፣ እዚህ ላይ ሚዛኑ የተገለበጠ ነው። በ1991 የተጀመረው የዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ ነጥብ በጣም ተፈላጊ ስለሆነ በደላሎች በኩል የሚከራየው ብዙ ጊዜ ለአንድ ነጥብ ከ20 ዶላር በላይ ሲሆን፣ በኦርላንዶ ያሉት የአብዛኞቹ ሪዞርቶች ባለቤቶች ለአንድ ነጥብ የሚከፍሉት ዓመታዊ ክፍያ ግን ከ10 ዶላር በታች ነው። ስለዚህ ባለቤት ነጥቡን ራሱ ቢጠቀምበት ወይም ቢያከራየው ይሻለዋል እንጂ ሌላ ቦታ ተከራይቶ የራሱን የሚያባክንበት ምክንያት የለውም። ለእርስዎ ለተከራዩ ደግሞ፣ ዲዝኒ በቀጥታ ለዚያው ክፍል ከሚያስከፍለው ጋር ሲነጻጸር ቅናሹ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ነው።

ቦታውን የሚያስይዘው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤት ነጥብ በገዛበት ሪዞርት ከ11 ወር በፊት፣ በሌሎቹ ከ7 ወር በፊት ማስያዝ ይችላል። ስለዚህ ተፈላጊውን ሪዞርት ለሕዝብ በዓል ከፈለጉ፣ በዚያው ሪዞርት ነጥብ ያለውን ሰው ከ11 ወር በፊት ማግኘት አለብዎ። ስጋቱን በተመለከተ፣ ክለቡ ነጥብን ለንግድ ማከራየትን በውሉ ስለሚከለክል፣ አልፎ አልፎ ትርፍ ነጥቡን የሚያከራይ ሰው እንጂ ይህን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው ባይመርጡ ይሻላል። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ልጅ ቢታመምም አይመለስም። ይህን የማይችል ቤተሰብ ከፍ ያለውን ዋጋ ከፍሎ በቀጥታ ከሆቴሉ መያዝ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም የዋጋው አንዱ ክፍል የመሰረዝ መብት ነው።

ጥያቄ፦ እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተዋል። በእኔ አባልነት የተከራየሁትን የኦርላንዶ አፓርታማ እኔ ሥራ ስለምገባ እነሱ ከአክስቴ ጋር ቢያርፉበት ይፈቀዳል?
መ.፣ ከአትላንታ

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ግን ስምዎ ባለበት ማረጋገጫ ብቻ ተነሥተው እንዳይሄዱ። ከልውውጥ ድርጅቱ የእንግዳ ሰርተፊኬት የሚባለውን በክፍያ ይግዙና ገብተው ቁልፍ የሚረከቡትን ሰው ስም በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው አድርገው ያስሞሉ። እናትዎ ወይም አባትዎ የሚረከቡ ከሆነ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ ካለው የእንግሊዝኛ ፊደል ጋር መመሳሰል አለበት፤ የአያት ስም ቀርቶ የአባት ስም ብቻ ከተጻፈ በር ላይ ክርክር ይነሣል። ከዚህ የበለጠ የሚያስቸግረው ግን ማስያዣው ነው። ብዙ ሪዞርቶች ለጉዳት ማስያዣ ክሬዲት ካርድ በረካቢው ስም ይጠይቃሉ፤ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ አሉ፤ ወላጆችዎ ደግሞ እንዲህ ያለ ካርድ ላይኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ሰርተፊኬቱን በአክስትዎ ስም ማድረግ ይቀላል፤ እሳቸው እስኪደርሱ ወላጆችዎ ብቻቸውን ቀድመው እንዳይገቡም የበረራ ሰዓቱን አስተካክለው ይያዙ።