ከሰዓት በኋላ የትኛው ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ከጠረጴዛዬ በስተጀርባ ያለው ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ፣ ቁጥሮቹ እየተገለበጡ ሰዓት የሚያሳዩበት ስክሪን ሴቨር ይመጣል። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ስለቀየርሁት ከቁጥሩ ጎን «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉ ቃላት ይወጣሉ። አለቃዬ «ጥዋት የሚባል አማርኛ የለም» አሉኝ። አንድ ባለጉዳይ ደግሞ «ከሰዓት ምን?» ብለው ሳቁ። ምን ብዬ ላስተካክለው? ባልደረባዬ ሰከንዱንም «ካልዒት» በይው ትለኛለች። ትክክል ናት?

መልስ፦ አለቃዎ ተሳስተዋል፤ የባለጉዳዩ ጆሮ ግን የሚመሰገን ነው።

«ጥዋት» አማርኛ ነው፤ እንዲያውም ከ«ጠዋት» ይልቅ ለምንጩ የሚቀርበው እሱ ነው። ቀደም ያሉ ጸሐፊዎች ቃሉን በዲቃላ ሆሄ፣ ማለትም የ«ዋ»ን ድምፅ አብሮ በያዘ ፊደል፣ «ጧት» ብለው ሲጽፉት እናገኛለን። ዲቃላ ሲፈታ የሚሰጠው ሳድሱንና «ዋ»ን ነውና «ጧ» «ጥዋ» ይሆናል እንጂ «ጠዋ» አይሆንም። «ሯጭ»ን «ረዋጭ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «እንደሚነገረው ይጻፍ» የሚሉ ወገኖች ግን «ጠዋት» የድምፅ ለውጥ የወለደው ሕጋዊ ልጅ ነው ብለው ይሟገቱለታል። እኔ በእጄ ስጽፍ ዛሬም «ጧት» እላለሁ፤ ከሦስቱ መልኩ የሚያምረኝ እሱ ነው። ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና የተማሪው መጽሐፍ «ጠዋት» ማለታቸውን አላጣሁትም፤ ክርክሩን አሸንፈዋል። አለቃዎን ማስደሰት ከፈለጉ «ጠዋት» ብለው ይጻፉ፤ «ጥዋት»ን ግን ስሕተት ነው ብለው እንዳይሰርዙት።

«ከሰዓት» ከዚህ የባሰ ነው። «ሰዓት» ከግእዝ ያገኘነው ቃል ሲሆን፣ ከዐረብኛው «ሳዓ»ና ከዕብራይስጡ «ሻዓ» ጋር ይዛመዳል። በሁሉም ዘንድ መካከሉ ላይ ዐይን የሚባለው ፊደል («ዐ») አለ። ስለዚህ በአልፋው «አ» «ሰአት» ብሎ መጻፍ የቃሉን ዘር መካድ ነው። ይህን አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን «ሞክሼ ፊደላት (ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ እንደ «አ» እና «ዐ» ያሉት) ይቀነሱ» የሚሉን ሰዎች ዘመዳሞቹ ቃላት የሚተዋወቁበትን ምልክት እንደሚፋቁ ማስታወስ ካለብኝ ቦታው እዚህ ነው። በቤተ ክህነት «ሰዓታት» የሚባለው፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሱት ጸሎት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በዚያ «ሰዓት» ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው መሣሪያ ሳይሆን ለአንድ ነገር የተወሰነ ጊዜ ነው። «ከሰዓት በኋላ» ስንልም «ሰዓት» ያልነው ያንን የታወቀ ጊዜ፣ ቀትርን፣ ማለትም 6 ሰዓትን ነው ብዬ አምናለሁ። «ከሰዓት በፊት» የምንለውም ከዚሁ ተነሥተን ነው።

አሁን የባለጉዳዩን ሳቅ ይመልከቱት። «ከ» ብቻዋን ምንም አትወስንም፤ «በኋላ» ወይም «በፊት» እስኪከተላት ትጠብቃለች። ጭራዋ ሲቆረጥ ቃሉ ከቀትር ወዲህም ከቀትር ወዲያም ሊሆን ይችላል። «ሰው ይገባዋል፤ ምን አከራከረን?» የሚል መልስ ይሰጠኛል። እውነት ነው፣ ይገባዋል። ፒያሳ ለቡና የምቀጣጠራቸው ወዳጆቼ ሁሉ «ከሰዓት እንገናኝ» ይሉኛል፤ እኔም ሳልከራከር እሄዳለሁ። በንግግር እሺ። ባለጉዳይ ተቀምጦ በሚያነበው ስክሪን ላይ ግን አንጠልጥሎ መተው አይገባም።

ዋናው ጥፋት ግን በቃሉ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ዕለትን እኩለ ሌሊትና ቀትር ላይ ለሁለት መቁረጥ ብቻ ነው። እኛ የምንቆርጠው ንጋት ላይና ምሽት ላይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ አቆጣጠራችንም ፀሐይዋን ተከትሎ ይሄዳል። በዚያ ላይ ንጋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ምሽት፣ ውድቅት የሚል ሕዝብ በሁለት ቃል ቢለካ እንዴት ይበቃዋል?

መፍትሔ አለ፤ ለእኔም ያስደስተኛል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ፣ ማለትም የአገሮች ሰዓት ከሚለካበት ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት፣ 3 ሰዓት ይቀድማል። የኮምፒውተሩን የሰዓት ሰቅ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ወደሚቀረው፣ ለምሳሌ ወደ ቦነስ አይረስ ያዙሩት። ያን ጊዜ ፈረንጆቹ ከጠዋቱ 8፡00 የሚሉት 2፡00 ሆኖ ይወጣል። ቸርችል ጎዳና ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ለአርጀንቲና ማደሩ ትንሽ ያስቃል፤ ውጤቱ ግን የሚገርም ነው። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ 12 ሰዓት ልክ የእኛ ቀን፣ ሁለተኛው ልክ የእኛ ሌሊት ይሆናል። ቀኑም የሚለወጠው ንጋት ላይ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቃላት «ቀን» እና «ሌሊት» ያድርጓቸው። ዊንዶውስ ከሆነ በቁጥጥር ፓነሉ ውስጥ የክልል ማስተካከያውን ከፍተው ወደ ተጨማሪ ቅንብሮች፣ ከዚያም ወደ ጊዜ ገጽ ይግቡ፤ ሁለቱ ምልክቶች የፈለጉትን ይቀበላሉ። እዚያው የጊዜውን ቅርጽ ሲያስተካክሉ ምልክቱን የሚወክሉትን ሁለት የቲ ፊደሎች ከቁጥሩ በፊት ያስገቧቸው። አማርኛ «ቀን 8 ሰዓት» ይላል እንጂ «8 ሰዓት ቀን» አይልም። አንዳንዱ ስክሪን ሴቨር የሥርዓቱን ቅንብር ትቶ በራሱ ይሄዳል፤ የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ምልክቱን ከማስተካከያው ያጥፉት።

ሰቁን እንጂ ሰዓቱን ራሱን በእጅ ወደ ኋላ አይመልሱት፤ በኮምፒውተሩ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር የሚያመነጭ ፕሮግራም ካለ ቁጥሩ ተቀባይነት ያጣል። ሰቁ ሲዞር ኢሜይልና ቀጠሮም በዚያው እንደሚቆጠሩ አለቃዎ አስቀድመው ይወቁት፤ ኮምፒውተሩ ለእንግዳ ማሳያ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።

የግእዝ ቁጥር ለማስገባት የሚፈተኑ ከሆነ ቢቀርብዎ ይሻላል። ይህን የምለው እየከፋኝ ነው፤ የመጽሐፎቼን ገጾች በግእዝ ቁጥር የምቆጥር ሰው ነኝና። ነገር ግን ዜሮ የለንም። 3፡00 ሲሞላ ከ«፫» ቀጥሎ ያለው ሰሌዳ ባዶውን ይቀራል። ሠላሳ ደቂቃ በአንድ ምልክት «፴» ሲጻፍ፣ ሠላሳ አንድ በሁለት «፴፩» ይጻፋል፤ ባለ ሁለት ሰሌዳው ተገልባጭ ሰዓት ለዚህ አልተሠራም።

የባልደረባዎን «ካልዒት» ብዙ ሊቃውንት ነን ባዮችም ያቀርቡታል። ትርጉሙ በግእዝ «ሁለተኛ» ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር ገጠመ ብለው ይደሰታሉ። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ግን ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ይከፍላል። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንድ ካልዒት 24 ሰከንድ ነው። ቃሉን እወደዋለሁ፤ በየሰከንዱ የሚገለበጥ ቁጥር ሥር መጻፉ ግን የሂሳብ ስሕተት ነው። «ሰከንድ» ይበሉት። ዐይን የሚያዋክብ ከሆነም ስክሪን ሴቨሩ ሰከንዱን እንዲደብቅ ማዘዝ ይችላሉ።