ነጩን ጠመኔ አትቸኩሉበት

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ዘመን ሥዕል አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። ሆኖም ሥዕሉን በክንዱ ሥር ይዞ ደጄን የሚያንኳኳ ወጣት ጠፍቶ አያውቅም፤ ደስታዬም ይኸው ነው። የምታመጡልኝ የሰው ሥዕል ግን ሁልጊዜ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር መስመር የታጠረ ነው። መስመርን አልነቅፍም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የቆመው በመስመር ነው፤ ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ ክፉውን በጎን እያሳየ ዘመናት የተናገረ ቋንቋ ነው። የትከሻን መዞርና የሥጋን ክብደት ማሳየት ስትፈልጉ ግን ሌላ መምህር ያሻችኋል። እኔ የማውቀው ከሁሉ የተሻለው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒዬር-ፖል ፕሩዶን ነው።

ስሙን ያልሰማችሁት ብትሆኑ አልፈርድባችሁም። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሥዕል ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠራው ዣክ-ሉዊ ዳቪድን ነው። ፕሩዶን እ.ኤ.አ. በ1758 ክሉኒ ውስጥ ከድንጋይ ጠራቢ ቤተሰብ ተወለደ፤ ዲዦን ተማረ፤ በውድድር አሸንፎ ሮም ሄደ፤ የናፖሊዮንን ባለቤት ጆሴፊንን ሣለ፤ በ1823 አረፈ።

የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ተጎድተዋል። ጥላው እንዲጠልቅለት ብሎ ቀለሙ ውስጥ ሬንጅ ይጨምር ነበር። ሬንጅ ደግሞ በወጉ አይደርቅም፤ እያደር ይጠቁራል፣ እንደ በጋ መረሬ መሬትም ይሰነጣጠቃል። ሞዴል አስቀምጦ በጠመኔ የሠራቸው የሰው አካል ንድፎች ግን ወረቀታቸው ቢደበዝዝም ዛሬም ይተነፍሳሉ። ብዙ ሠዓሊዎች እንዲህ ያለውን ልምምድ ከተማሪነት ጋር ሲተዉት እሱ አንቱ ከተባለ በኋላም አልተወውም። ይህን ሳስብ እስካሁን ልቤ ይነካል።

ምስጢሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ፕሩዶን የሚሠራው በሰማያዊ ወረቀት ነበር። ሰማያዊው ጨለማም ብርሃንም አይደለም፤ መካከላቸው ነው። ስለዚህ የአካሉን ግማሽ ወረቀቱ ራሱ ይሠራለታል። በጥቁር ጠመኔ ጥላውን ያወርዳል፤ ቀስ አድርጎ ያሻሸዋል፤ በላዩ ላይ የሥጋውን አቅጣጫ ተከትለው የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶችን ይደረድራል። ነጩ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ትከሻ ላይ፣ ጉልበት ላይ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጭረት ብቻ ነው። ራቅ ስትሉ ቆዳ ይሆናል። ጥቁሩና ነጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲሁ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ሰማያዊው አለ። አካሉ ክብ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። «ምንጭ» የተባለውን፣ አሜሪካ ክላርክ ሙዚየም ያለውን የተቀመጠች ሴት ንድፍ ፈልጋችሁ በስልካችሁም ቢሆን አጉልታችሁ እዩት። ለአንድ ክንድ ብቻ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ሰማያዊ ወረቀት ከየት እናመጣለን እንዳትሉኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ውስጡን ጠርጋችሁ ቡናማውን ወረቀት ቁረጡ። ከሰል ከምድጃ፣ ነጭ ጠመኔ ከትምህርት ቤት አይጠፋም። እርቃን ሞዴልም በእኛ አገር ብርድና ባህል የሚታሰብ አይደለም፤ እኔም አልመክርም። እጅ አለ፣ እግር አለ፣ ከጋቢ የወጣ አንገት አለ። ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ በርኖስ ለብሶ በጎቹን የሚነዳ የመንዝ እረኛ ፊቱ በአንድ ወገን ብቻ ይበራል፤ ከዚህ የበለጠ ብርሃን ፓሪስም አልነበረም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ የአያቷን እጆች ስላ አመጣችልኝ፤ አሮጊቷ የበግ ፀጉር ሲፈትሉ። ነጩን ሁሉም ቦታ ቀብታው ስለነበር እጆቹ ዱቄት የነካቸው መሰሉ። ጠርገሽ እንደገና ጀምሪ አልኳት። አራተኛ ጊዜ ስትመለስ ነጩ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ አውራ ጣቱ አንጓ ላይና ክሩ ላይ። የቀረውን ሁሉ ለቡናማው ወረቀት ትታለት ነበር። አያትየው ሥዕሉን ባዩ ጊዜ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጡት።