ጌሙን ሥሪው፣ ግን ከራስሽ እጅ አትጀምሪ

«ጎንደር የአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ጌም ልሠራ አስቤያለሁ። ካሜራው የተጫዋቹን እጅ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ኮምፒውተሩን ማሠልጠኛ የሚሆን የአሜሪካ ምልክት ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ሥራ አያስገኝልሽም፣ የሽያጭ ሲስተም ሥሪ› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ጌሙን ሥሪው። የሽያጭ ሲስተም የሠራ ተመራቂ ሞልቷል። እኔን ያላማረኝ ፎቶው ነው።

የአሜሪካው የጣት ፊደል፣ ማለትም ቃልን ፊደል በፊደል በእጅ መጻፊያው፣ 26 ነው። ከጄ እና ከዜድ በቀር እጅ ሳይንቀሳቀስ ይታያል፤ አንድ ፎቶ ይበቃል። በእኛ የጣት ፊደል ግን የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይናገራል። እስቲ «ጎንደር» በይ። ጎ ሳብዕ፣ ን ሳድስ፣ ደ ግዕዝ፣ ር ሳድስ። «ጎ»ን ከ«ገ» የሚለየው እንቅስቃሴው ስለሆነ ፎቶ አያዋጣሽም፤ ቪዲዮ ያስፈልግሻል።

አትደንግጪ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ሁሉንም ለየብቻ ማሠልጠን ግን የለብሽም። አንዱ ሞዴል (ከምሳሌ ተምሮ የሚለይ ፕሮግራም) ቅርጹን ይለይ፣ ሌላው ሰባቱን እንቅስቃሴ። ሜዲያፓይፕ የሚባለው የጉግል ሶፍትዌር በተራ የስልክ ካሜራ ከአንድ እጅ 21 ነጥብ፣ ማለትም የመገጣጠሚያዎቹንና የጣት ጫፎቹን ቦታ፣ ያወጣልሻል። ያንቺ ሥራ ነጥቦቹ ከአንዱ የቪዲዮ ምስል ወደ ቀጣዩ የት እንደሄዱ መከተል ነው።

አሁን ወደ ቅጥሩ። አንድ የፕሮጀክት አቀራረብ ላይ አንድ ልጅ «ሞዴሌ 98 በመቶ በትክክል ይለያል» ብሎ ጀመረ። ራሱ ሲያሳይ ይሠራል። ጓደኛው እጁን ሲዘረጋ ጭጭ! ሞዴሉ የለመደው የባለቤቱን እጅ ነበራ። አንቺ ከ10 ሰው ከቀረጽሽ፣ የሁለቱን ቪዲዮ ሞዴሉ ጨርሶ አይየው፤ በእነሱ ፈትኚው። ውጤቱ ይወርዳል። የወረደውን ቁጥር ሲቪሽ ላይ ጻፊው፣ እንዴት እንደለካሽውም ጨምሪበት። ሥራውን የሚያውቅ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

የሚቀረጹት ሰዎች የክፍልሽ ልጆች እንዳይሆኑ። መስማት የተሳናቸው ሰዎችን ፈልጊ፤ በተለይ መምህር ካገኘሽ እሰየው። ዩቲዩብ አይቶ የለመደ ሰው ሲሳሳት እንኳ አያውቀውም፣ ጌምሽም ስህተቱን ለመቶ ተጫዋች ያስተምራል። ለምን እንደምትቀርጪያቸው አስረጂ፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዢ፣ ለጊዜያቸውም ክፈይ። ሻይ መጋበዝ ክፍያ አይደለም።

ደግሞ ስሙን ቀይሪው። የምልክት ቋንቋ ፊትም አለበት፣ የራሱ ሰዋስውም አለው፤ አንቺ ደግሞ የምትጀምሪው ከጣት ፊደል ነው። «የጣት ፊደል መለማመጃ» በይው። ኢንተርቪው ስትገቢ ስላይድ ትተሽ ስልኩን ለጠያቂው ስጪው፤ የራሱን ስም በእጁ ይጻፍበት። ከዚያ በፊት ግን ማታ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ በሻማ ሞክሪው።